ሁለት ፐርሰንት ምን አላት?

ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከአጎቴ ጋር ማኪያቶ ጠጣን። ከአሜሪካ ለእረፍት መጥተው ነው። የጡረታ ገንዘባቸውን የሚያስተዳድር ባለሙያ አላቸው፤ በዓመት ሁለት ፐርሰንት ይወስዳል። «ሁለት ፐርሰንት ምን አላት?» አሉኝ።

ሶፍት ላይ አሰላሁላቸው። 100 ሺህ ዶላር በዓመት 8 ፐርሰንት እያደገ 30 ዓመት ቢቀመጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የባለሙያው ሁለት ፐርሰንት ተቀንሶ በ6 ፐርሰንት ሲያድግ ግን 574 ሺህ። መነጽራቸውን አውልቀው ሶፍቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

አሜሪካዊው ቢሊየነር ባለሀብት ዋረን ባፌት እኮ በዚሁ ጉዳይ ተወራርዶ ነበር። ከ2008 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. 500 ገደማ ትልልቅ ኩባንያዎችን ጠቅልሎ የሚይዘው፣ ክፍያው ርካሽ የሆነው ኢንዴክስ ፈንድ፣ ባለሙያዎች የመረጧቸውን ሄጅ ፈንዶች (የባለሀብቶችን ገንዘብ በውድ ክፍያ የሚያስተዳድሩ ፈንዶች) በሰፊው በለጠ።

ገበያ ሲወድቅ ደንግጦ የሚሸጥ ሰው ለሚያረጋጋው ባለሙያ ቢከፍል አልፈርድበትም። አጎቴ ግን እንደዛ አይደሉም፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ርካሹ ይሻላል ባይ ነኝ።

እኛም ጋ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ልትገዙ ያሰባችሁ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ክፍያውን ጠይቁ።

አጎቴ ሶፍቷን አጣጥፈው ዋሌታቸው ውስጥ ከተቷት። ሰኞ ለሰውዬው ይደውላሉ።