የመድረኩ ጀበና የእማማ ነው

ቲያትር ክበባችን ውስጥ የገባሁት ተዋናይ ልሆን ነበር። ለምልመላው አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ሸምድጄ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ማልቀስ ተለማምጄ፣ የወንድሜን ኮት ለብሼ ሄድኩ። አዘጋጁ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና «ባጃጅ ያለው ጓደኛ አለህ?» አለኝ። ነበረኝ። በዚያው የቁሳቁስ ኃላፊ ሆኜ ቀረሁ።

ደሴ ላይ አማተር ቲያትር መሥራት ማለት መዋስ ማለት ነው። ሶፋው የጎረቤት፣ መጋረጃው ሰርግ ዲኮር የሚሠራ ልጅ፣ ጋቢው የአዘጋጁ አባት። የራሳችን የምንለው ጽሑፉን ብቻ ነው፤ የሱም ፎቶ ኮፒ ዱቤው አልተከፈለም። ለአዳራሹ ፈቃድ ስንት ቢሮ እንደተመላለስን አልነግራችሁም፣ ደብዳቤው ማህተም አግኝቷል፣ ይበቃል።

መብራት የሚሠራው ልጅ ቀን ቀን የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። ከግንባታ ቦታ አራት ባለ 1000 ዋት ፓውዛ ተውሶ መጣ። አንዱ ብቻ በ220 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ይስባል፤ አራቱን በአንድ መስመር ስንለኩሳቸው ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ። ቀይ ብርሃን ፈልገን የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ስናለብሰው ደግሞ ቀልጦ አዳራሹን የላስቲክ ሽታ ሞላው። ለካ የመድረክ መብራት ላይ የሚደረገው ባለቀለም ላስቲክ ሙቀት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። በመጨረሻ ሁለቱን መለስንና በቀሪዎቹ ሁለት ሠራን። ጨለማውም አላስከፋም፣ ሶፋው መቀደዱ አልታየም።

ልምምዱ የዋለው በ2017 ነው፣ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ የገቡበት ዓመት። ግማሹ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳን አይቀምስም፣ ግማሹ እስከ ከሰዓት አይበላም። ስለዚህ ልምምዱን ወደ ማታ ገፋነው። አልባሳት የምትሰፋልን ልጅ የምስር ሳምቡሳ ይዛ ትመጣለች፤ ለሚያፈጥረውም ለጾመኛውም ይሆናል። ወሎ ውስጥ ይሄ እንደ ትልቅ ነገር አይወራም፣ እኔም ያነሳሁት ሳምቡሳው ስለናፈቀኝ ነው።

ወደ ጀበናው ልምጣ። ተውኔቱ ውስጥ የቡና ትዕይንት አለ፣ 9 ደቂቃ። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ግን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባዶ ጀበና እናዘንብልና እንለፈው አልኩ። አዘጋጁ «እዚህ አገር? በባዶ ጀበና?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እውነቱን ነው። እኛ ስለ ትወና ከምናውቀው ተመልካቹ ስለ ቡና የሚያውቀው ይበልጣል።

ስለዚህ ሁለት ጀበና አስፈለገ፤ አንዷ መድረክ ላይ፣ አንዷ ከመጋረጃ ጀርባ ከሰል ላይ። አንዷን ከሰፈራችን እማማ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። «ሰባሪ እጅ ነው ያለህ» አሉኝ። «እማማ አብሽሩ፣ በሦስተኛው ቀን እመልሳለሁ» ብዬ ማልኩ። አንገቷ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረች ጀበና ናት፤ እንድትመሳሰል ብለን ጤነኛዋንም በሽቦ አሰርናት።

አሁን መቀያየሩ። ሽማግሌው ዱዓ ሲጀምሩ ተዋንያኑ ሁሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ተመልካቹም ሳያስበው አብሮ አሚን ይላል። በዚያች ቅጽበት ቡና የምታፈላው ተዋናይ እጣን ትጨምራለች፣ መብራት የሚሠራው ልጅ አንዱን ፓውዛ ያጠፋል፣ ማሲንቆው ከፍ ይላል፣ እኔ ከሶፋው ጀርባ በደረቴ ተስቤ ጀበናዋን እቀይራለሁ። ቀሚሷንም ሰፊያችን ሆን ብላ ሰፋ አድርጋ ሠርታዋለች፣ እጄ እንዳይታይ። ስለ ማሲንቆው ሌላ ጣጣ ነበረ፤ እኔ ትዝታ ይሁን ስል ማሲንቆ መቺው «ባቲና አምባሰል አገራቸው እዚሁ ነው፣ ምን ሌላ ያስመኝሃል?» ብሎ በአምባሰል መታው። ልክ ነበር። አምስት ሰው ሦስት ሳምንት የለፋው ለአንዲት ጀበና ነው። ማንም አላየንም፣ ማንም አላጨበጨበልንም፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ሲነሳ ሁላችንም ማሪቱ ለገሰን እንጠራለን፤ የሰፋላቸውንና መብራት ያበራላቸውን ሰው ስም የሚጠራ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እማማ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አቦሉ ሲቀዳ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ጎናቸው ላለችው ሴት «የኔዋ ናት!» ሲሉ ከሶፋው ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው።

በአራተኛው ቀን (አንድ ቀን አሳልፌያለሁ፣ አምናለሁ) አጥቤ መለስኩላቸው። አገላብጠው አዩዋት፣ ሽቦዋን ነካኩ፣ አንገቷን አሸተቱ። እኔ ምርቃት እጠብቃለሁ።

«ማቶቱስ?» አሉ።

ይኸው እስካሁን እየፈለግኩ ነው።