መብረቅ የመታው ቤተ መጻሕፍት

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ የሄድነው ለሙዚየም አልነበረም። እሁድ የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበረን። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ባዶ ሆነ፤ የ11 ዓመቱ ልጄ ሆቴል ውስጥ ስልክ ላይ ተጥዶ ከሚውል ብዬ ወንዙን ተሻግረን ኖርዝ ሳይድ ሄድን።

ቦታው ሙዚየም ላብ ይባላል። የፒትስበርግ የልጆች ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው ነው፣ ቤቱ ግን የ1890 ነው። ግራናይት ድንጋይ፣ ረጅም የሰዓት ማማ። የብረት ፋብሪካ ባለሀብቱ አንድሩ ካርኔጊ ያሠራው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ካርኔጊ ልጅ ሆኖ ከስኮትላንድ መጥቶ በዚሁ አካባቢ ቴሌግራም ሲያመላልስ፣ ኮሎኔል አንደርሰን የሚባሉ ሰው በየቅዳሜው የግል መጽሐፎቻቸውን ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። ካርኔጊ ውለታቸውን አልረሳም፤ መታሰቢያ አቁሞላቸዋል። እዚያው መስፍ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ የነሐስ ሠራተኛ አለ። የካርኔጊ የራሱ ሠራተኞች በቀን 12 ሰዓት ብረት ሲያቀልጡ ውለው መቼ እንደሚያነቡ ግን ሐውልቱ አይናገርም።

በ2006 ማማውን መብረቅ መታው። ቶን የሚመዝን ድንጋይ ጣሪያውን በስቶ ወደ ውስጥ ወረደ። ቤቱ ተዘጋ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ትንሽ ራቅ ብሎ ወደ ተሠራ አዲስ ሕንፃ ገባ፣ አሮጌው ለዓመታት ባዶውን ቀረ።

ስንገባ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሥራው ያላለቀ መስሎኝ ነበር። በ1970ዎቹ እድሳት ኮርኒሱን ዝቅ አድርገው የድሮውን ሁሉ ሸፍነውት ኖሯል። አሁን ያንን ገፈው አወጡና ቤቱን እንዲሁ ተዉት! ልስኑ የረገፈ ዓምድ፣ በቅስቱ ሥር ጡቡ የሚታይ ግድግዳ፣ ጠጋ ስትሉ ደግሞ የድሮው ጌጥ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። እኛ ብንሆን ጂፕሰም ለጥፈን፣ ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ሪባን እንቆርጥ ነበር። አንዱን ዓምድ በመዳፌ ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፣ ቀዝቃዛ።

አዳራሹ ውስጥ ከገመድ የተሠራ መውጫ ተዘርግቷል። እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታለብሰውን ዳንቴል አስቡት፣ ያንን ሰው እስኪሸከም ድረስ አግዝፉት። ልጄ ጫማውን አስይዞኝ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን እንጂ እሱን አላየሁትም። እኔ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ሳጠና ወንበር ስትጎትት እንኳ ሰው ሁሉ ዞሮ ይገላምጥህ ነበር። እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆች ይጮኻሉ፣ መዶሻ ይመታል።

መዶሻው ከወርክሾፑ ነው። አስመሳይ አይደለም፣ የምር መሣሪያ ነው። ሳይንሱንም ጥበቡንም እዚያው እጃቸው ላይ ነው የሚያገኙት፤ እያንዳንዱ ነገር ፊት ቆመህ ጽሑፍ የምታነብበት ዓይነት ሙዚየም አይደለም። ልጄ አንዲት እንጨት ለመቁረጥ ረጅም ጊዜ ፈጀ። መጋዙ መሐል ላይ ተያዘበት፣ ላግዝህ ስለው በክርኑ ገፋኝ። አንዷ አስተናጋጅ መጥታ እንጨቱን ብቻ አጥብቃ ያዘችለት፣ ምንም አልተናገረችም። ተቆረጠች፣ ጠማማ ሆና።

ስንወጣ ዓምዱን አይቶ «ማሚ፣ ለምን አልጠገኑትም?» አለኝ።

«ጠግነውታል እኮ» አልኩት። አላመነኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከነጠላው ሥር፣ ያችን ጠማማ እንጨት ይዞ አገኘሁት።