መቃኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ

ተገጣጣሚ ጊታር ሲገዛ አብሮት የሚመጣው መቃኛ፣ ማለትም ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ባለ እጀታ ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። እጀታውን ስታዞሩት መጀመሪያ ባዶውን ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት ይዘልና ድምፁን ያሳልፈዋል። መቀየሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው መቃኛውን በመልኩ መርጦ ያዝዛል፤ ዕቃው ሲደርስ ወይ ከነጭራሹ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ይወዛወዛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት በጊታሩ ራስ ላይ (መቃኛዎቹ በሚሰኩበት የአንገቱ ጫፍ) ያለውን ቀዳዳ ስፋት በካሊፐር፣ ማለትም በባለ መንጋጋ መለኪያ፣ ለኩ። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። በድሮው አሠራር የሚሠራው መቃኛ ወደ 8.7 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከፊት ለፊት ተመትቶ የሚገባ ትንሽ የብረት ቀለበት አለው። አዲሱ፣ ጥርሱ በሽፋን ውስጥ የተዘጋው ደግሞ 10 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ከፊት በኩል በሮንዴላና ባለስድስት ማዕዘን ዳዶ ይታሰራል። ካሊፐር ከሌላችሁ የ10 ቁጥር ፑንታ ጭራ ቀዳዳው ውስጥ ክቱበት፤ ሳይጠብቅም ሳይላላም ከገባ መልሱን አገኛችሁ። የጊታሩን ራስ ቫርኒሽ ቀብታችሁት ከሆነ ቀለሙ የቀዳዳውን አፍ ያጠበዋልና መጀመሪያ እርሳስ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት።

ቀዳዳው 10 ሆኖ የድሮውን ዓይነት መቃኛ ከወደዳችሁ ቀላል ነው፤ ውጩ 10፣ ውስጡ ለቀጭኑ ዘንግ የሚሆን መለወጫ ቀለበት ይሸጣል። ተቃራኒው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ8.7ቱን ቀዳዳ በተራ ፑንታ ወደ 10 ለማስፋት አትሞክሩ። የተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ፑንታ መሐሉን የሚይዝለት እንጨት ስለሌለው ጠርዙን ነክሶ ቀለሙን ይገነጥላል። ሾጣጣ የእጅ ማስፊያ ይዛችሁ ከፊትም ከኋላም በየተራ ጥቂት ጥቂት አዙሩ፣ በየመሐሉም መቃኛውን እያስገባችሁ ሞክሩ።

ስድስቱንም አስገብታችሁ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አስሯቸው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከጎናቸው አስጠግታችሁ አሰልፏቸው፤ ስድስቱም በአንድ ወገን የሚደረደሩበት ራስ ከሆነ አንዱ ትንሽ ከዘመመ ዓይን ወዲያው ያየዋል። ከተሰለፉ በኋላ መቃኛውን ከኋላ ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ትንንሽ ብሎኖች ቦታ በወስፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉና መቃኛዎቹን መልሳችሁ አውጡ።

ጊታር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ብሎኖች ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ብረታቸውም ለስላሳ ነው። የጊታር አንገት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሜፕል ደግሞ ጠንካራ እንጨት ነው። ሳይበሱ በካቻቢቴ ጨቁኖ ማስገባት ማለት ብሎኑን ከጭንቅላቱ ሥር መቁረጥ ማለት ነው። የፑንታውን መጠን ለመምረጥ ፑንታውን ከብሎኑ ፊት ለፊት ይዛችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። የብሎኑ ግንድ ከፑንታው ኋላ ተሸፍኖ ጥርሶቹ ብቻ በግራና በቀኝ ብቅ ካሉ ትክክለኛው እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 1.6 ይሆናል። የጊታሩ ራስ ውፍረት 14 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በፊት በኩል እንዳይወጣ በብሎኑ ርዝመት ልክ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ።

ከዚያ ብሎኑን ሻማ ላይ አሽታችሁ ሰም አስይዙት። ሳሙና የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ እርጥበት ይስብና ብሎኑን ያዝገዋል። ከሁሉ የሚሻለው ተመሳሳይ መጠን ያለው ጠንካራ የብረት ብሎን ቀድሞ አስገብቶ ማውጣት ነው፤ መንገዱን እሱ ይቆርጥና የሚያብረቀርቀው የመቃኛው ብሎን ያለ ትግል ይገባል።

ከተቆረጠስ? ጫፉ ብቅ ያለ ከሆነ በመበየጃ ካውያ አሙቁትና በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ሙቀቱ የእንጨቱን ጭብጥ ያላላዋል። ከእንጨቱ ጋር እኩል ከተቆረጠ አፉ ጥርስ በወጣለት ቀጭን የብረት ቱቦ ዙሪያውን ሰርስሮ ማውጣት፣ ቀዳዳውንም በእንጨት ዘንግና በኮላ መድፈን ነው። የአሮጌው መቃኛ ብሎን ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር ካልገጠመ በኮላ የተነከረ የጥርስ መጎርጎሪያ አስገቡበት፣ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ቆርጣችሁ አስተካክሉት።

የፊቱን ዳዶ በቁጥር 10 ቁልፍ አጥብቁ፤ በእጅ ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ሮንዴላው ቫርኒሹን ይሰነጥቀዋል። ክራራቸው ቀንበር ላይ የጊታር መቃኛ የሚያስገጥሙ ሰዎችም ይህችን ነገር ልብ ይበሉ፤ ቀንበሩ ቀጭን ከሆነ ደግሞ በመጥበቅ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ክር ስትወጥሩ ለወፍራሞቹ 2 ወይም 3፣ ለቀጫጭኖቹ 3 ወይም 4 ዙር ይበቃል፤ ዙሩም ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ክሩን ቆንጥጦ የሚይዝ መቃኛ ከሆነ ግማሽ ዙር እንኳ አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጊታሩ አሁንም ቅኝቱን ካልጠበቀ መቃኛውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ስታጠብቁ «ጢን» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው፣ ክሮቹ በሚያልፉበት አጥንት ስንጥቅ ውስጥ ተይዟል ማለት ነው፤ ስንጥቁን በእርሳስ ቀቡት፤ ካልተሻለውም በጥቂቱ ይሞረድ። ድምፁ ካለፈባችሁ ደግሞ ከሚፈለገው በታች አውርዳችሁ እንደገና ወደ ላይ እየወጣችሁ ቃኙ፤ ወደ ታች እየለቀቃችሁ ካቆማችሁ በጥርሶቹ መሐል የቀረው ክፍተት ትንሽ ቆይቶ ክሩን ያላላዋል።