ሦስተኛው ክረምት፦ ዶሮዎቼና የጎርፍ ውሃ

ዛሬ ነሐሴ 21 ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት የዶሮ ቤቱን እግር ነው። ጎርፉ ብሎኬቱን ነክቶ ተመልሷል። ወለሉ ደረቅ ነው፤ አሥራ አንዱም ቆጥ ላይ ናቸው። እዚህ ለመድረስ ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛልና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ግቢያችን አቃቂ፣ ተዳፋቱ ሥር ነው። የላይኛው ሰፈር ውሃ የሚያልፈው በኛ በኩል ነው። የመንገዱ ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ደግሞ ጎርፉ ቀጥታ ግቢ ይገባል።

በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ 20 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ቤታቸው መሬት ላይ ነበር፣ ጉዝጓዙ ሰጋቱራ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌሊት ጎርፍ ገባ። በጨለማ እየለቀምኩ በካርቶን ወደ ቤት አስገባኋቸው። አንድም አልሞተም። ተመስገን ብዬ ጠዋት ግቢ ለቀቅኳቸው። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ዶሮ መጠጫዋ ንጹህ ውሃ ሞልቶ እያለ ኩሬ ካየች ወደ ኩሬው ትሄዳለች። ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ ምንቃራቸውን ነከር፣ አንገታቸውን ቀና። የዚያ ኩሬ ሽታ ግን የሞላ ሽንት ቤት እንደተቀላቀለበት ይናገር ነበር። በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ላይ ተኮማትረው አገኘኋቸው። ኩሳቸው ደም ነበረው። የእንስሳት ሐኪሙ ኮክሲዲያ ነው፣ አንጀት ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው አለኝ። መድኃኒቱን አምፕሮሊየም በውሃ በጥብጬ ብሰጥም 8 ሞቱብኝ።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። የኮክሲዲያ እንቁላል ከኩስ ጋር ይወጣል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል። ክሎሪን አይገድለውም። ስለዚህ የረጠበ ጉዝጓዝን «ይደርቃል» ብሎ መተው አይቻልም፤ ሁሉም ተጠርጎ ይወጣል። የረጠበ መኖም እንዲሁ ይጣላል። መኖ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሲጣል ያንገበግባል። ግን ሻጋታው መርዝ አለው፤ ያንን ለማትረፍ ብሎ ዶሮዎቹን ማጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ጎርፍ የነካው እንቁላልም አይበላም፤ ቅርፊቱ ቀዳዳ ስላለው ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል።

በሁለተኛው ዓመት ቤቱን ከፍ አደረግኩት። ጎርፉ ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ለካሁ፤ 35 ሳንቲ ሜትር ነበር። ወለሉን 80 ላይ አስቀመጥኩት። እግሩ አጣና ነው፣ ከሥሩ ብሎኬት አለ፤ አጣናው አፈር ከነካ ይበሰብሳል። ወለሉ የሽቦ ወንፊት ስለሆነ ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል። ዶሮዎቹ ግን ቀን ቀን ከቤቱ ሥር እየገቡ ያንኑ ኩስና ጭቃ መጫር ጀመሩ! ዙሪያውን በሽቦ እስካጥር ድረስ ልፋቴ ግማሽ ነበር። ቤት ከፍ የምታደርጉ ሰዎች ሥሩንም አብራችሁ እጠሩት።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። እኛ ግቢ ግን የዚያ ዓመት ትልቁ ጎርፍ የመጣው ከቡሄ በኋላ ነው። ከቡሄ በኋላም መዘናጋት የለም።

የውሃው ጉዳይ ላይ ጊዜ ወስጃለሁ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ለኔዎቹ 3 ሊትር ይበቃል። ጎርፍ በመጣ ሰሞን የቧንቧውንም ውሃ አላምነውም። ከደፈረሰ በነጠላ አጠልለዋለሁ። ከዚያ ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክቼ እጨምራለሁ። ግማሽ ሰዓት ይቆያል። መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጌ አንጠለጥለዋለሁ፤ ዝቅ ካለ ጭረው ቆሻሻ ይሞሉታል። ዘይት ወይም ነዳጅ የሚሸት ውሃ ግን በበረኪና አይድንም፣ ይደፋል።

በዚሁ በረኪና ምክንያት ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የፈንግል ክትባት ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤቶቼ ጋር አዋጥተን ገዛን። በውሃ በጥብጠን ለሁሉም ሰጠን። ማታ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ «ውሃው ምን ነበረበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ክው አልኩ። ክትባቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ክሎሪን ይገድለዋል። የጎረቤቶቼን ገንዘብ መልሼ ሌላ ገዛሁና ደገምነው። አሁን ከክትባቱ 2 ቀን በፊት በረኪናውን አቆማለሁ፣ መጠጫውንም በሳሙና ሳይሆን በንጹህ ውሃ ብቻ አጥባለሁ። ክትባቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ላይ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም እጨምራለሁ፤ የቀረ ክሎሪን ካለ ያከሽፈዋል።

ዛሬ አላወጣኋቸውም። በሩ ላይ ተሰብስበው ይንጫጫሉ። እንዳይሰለቻቸው ጥቅል ጎመን በገመድ አንጠልጥዬላቸዋለሁ፤ እየዘለሉ ይነጩታል። አጥሩ ጥግ ያለው ኩሬ በ3 ቀን ካልደረቀ ገረጋንቲ አስደፋበታለሁ። አሸንዳውን ደግሞ ለመጪው ሰኔ ሳይሆን በዚህ ሳምንት ነው የማሰራው።