የመገጭ ግድብ ጥያቄ የየትኛው ምክር ቤት ነው?

ጎንደር ላይ የልማት ነገር ሲነሣ «ምክር ቤቱ ለምን አይጠይቅልንም?» መባሉ አይቀርም። የቱ ምክር ቤት? የጎንደር ነዋሪ ሦስት አለው፦ የከተማው፣ ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ፣ አዲስ አበባ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ስንት ጥሩ አቤቱታ የማይመለከተው ደጅ ሄዶ ባክኗል!

መለያው «ሥልጣኑና በጀቱ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጎንደር አጠገብ ያለው የመገጭ ግድብ የፌዴራል ፕሮጀክት ስለሆነ የሚመለከተው የፌዴራል ተወካዮችን ነው። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንና የቆሻሻ አነሣስ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። መሬት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በአንቀጽ 52 የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። ስለዚህ ካርታ የተከለከለ ሰው ወደ አዲስ አበባ ቢጽፍ «ለክልሉ አቅርብ» መባሉ ነው። የክልሉን አዋጅ የሚፈልግም የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን የክልሉን የሕግ ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግን ያገላብጥ።

አሁን ወደ ሕግ አወጣጡ። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው አንድ ሚኒስቴር ነው፤ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ለተወካዮች ይቀርባል። መጀመሪያ ንባብ ላይ ስለ ጥቅል ይዘቱ ይነገርና ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን የሚከፍተው ድምፅ ሲሰጥ ነው፤ ቃል የሚቀየረው ግን እዚህ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ኮሚቴው አስተያየት ሲቀበል «አዋጁ ይጎዳናል» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ በ30 ቀን የሚለው በ90 ቀን ይባል፤ ምክንያቱም…» ተብሎ ሲጻፍ ግን ኮሚቴው እንዳለ አንሥቶ ውሳኔ ሐሳቡ ላይ ሊያሰፍረው ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ እንኳ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል፤ ያኔ ማስቀየር ሌላ አዋጅ ይፈልጋል።

ተወካይ ከስብሰባ መቅረቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የተወካዮች ምክር ቤት 547ቱ ወንበር ሁሉ ተይዞ ቢሆን ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ስብሰባ ለማካሄድ መገኘት ያለበት ትንሹ ቁጥር፣ 274 ነው። የሚወሰነው በአብላጫ ድምፅ ነውና 274 ተገኝተው ሁሉም ድምፅ ቢሰጡ 138 እጅ አንድ አዋጅ ያሳልፋል። የአማራ ክልል ወንበር ብቻውን 138 ነው! የመረጣችሁትን ሰው ስንት ስብሰባ እንደተገኘ ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ሥልጣን አለ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው፣ በሙሉ ወንበር 183 ሰው፣ ከጠየቀ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው አካል ሥልጣን ሥር ባለ ማንኛውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፤ እርምጃም ይወስናል። እኔ ከቁጥጥር መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

የበጀት ነገር ጊዜ ይፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት ግን በበጋ ነው፤ ሰኔ ላይ «ለመገጭ ገንዘብ ይጨመር» ቢባል ቁጥሩ ተደልድሎ አልቋል። ተወካዮች ክረምት ላይ ወደ መራጩ ሲወርዱ ጥያቄውን በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ስጧቸው፤ አንዱን አስፈርማችሁ፣ ቀን አስጽፋችሁ ያዙ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲከፈት ተወካዩ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፤ በጀቱም ገና አልተደለደለም።