መረሬ ላይ የቆመ ቋሚ

የጥር ነፋስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ያኮርፋል መሰለኝ። ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ግን ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ሲወጣ መንገድ ዳር ያለው አጥር፣ ግማሹ ወደ ማሳው ግማሹ ወደ አስፋልቱ አጎንብሶ ሳየው ሐሳቤ እዚያው ቀረ። አጥር ባጋደለ ቁጥር ለምን ነፋሱ ይታማል?

ቆርቆሮ ከሆነ እሺ። አምስት መስመር እሾሃማ ሽቦን ግን ነፋስ ምኑን ይዞ ይገፋዋል? ጥፋተኛው መረሬው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚህ ወር ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ሲያብጥ ቋሚውን ዙሪያውን ጨብጦ ወደ ላይ ይስበዋል። ሲደርቅ ይለቀዋል፣ ነገር ግን ከሥሩ የተከፈተውን ቦታ የረገፈ አፈር ቀድሞ ስለሚሞላው ቋሚው ወደ ነበረበት አይወርድም። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይነቀላል። እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ያለ ሰው 60 ሴንቲ ቆፍሮ፣ ጠቅጥቆ፣ እጁን አራግፎ ይገባል። የእሱን ምክር ይዞ መረሬ ላይ አጥር መትከል ነው ችግሩ።

መረሬ ላይ ከ80 ሴንቲ እስከ 1 ሜትር መውረድ ግድ ነው። እንግዲህ ከመሬት በላይ 1.5 ሜትር የሚፈልግ ሰው 2.5 ሜትር እንጨት ይግዛ። የጉድጓዱ አፍ 30 ሴንቲ ይበቃዋል፤ ታቹ ግን ሰፋ ይበል። ወፍራሙ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ታች ነው የሚገባው። ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲታይለት ብሎ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ከላይ የወፈረውን እንጨት ያበጠው አፈር እየገፋ ለማውጣት አይቸገርም። አርማታም ቢሆን እንደዚያው ነው፦ ከአፉ ላይ ተንሰራፍቶ ከታች ከቀጠነ፣ አፈሩ ከክንፉ ሥር ገብቶ ያነሳዋል። ጎኑ ልሙጥ፣ አናቱ ውሃ እንዲያንሸራትት ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ከሥር ጠጠር አድርጉ የሚሉም አሉ። ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ላይ ልክ ናቸው። መረሬ ግን ውሃ አያሳልፍም፤ ጠጠር የተሞላው ጉድጓድ ጋን ይሆንና እንጨቱ ክረምቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ይከርማል። ይልቅ የወጣውን መረሬ ወዲያ ብሎ በገረጋንቲ መሙላት ይሻላል፦ 15 ሴንቲ ጨምሮ መጠቅጠቅ፣ እንደገና 15 ሴንቲ፣ እንደገና መጠቅጠቅ። ሁሉንም አንዴ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ማለት ላዩን ማጠንከር ብቻ ነው፤ ታቹ ባዶ ነው።

ጊዜውም አለ። አሁን በጥር ዲጂኖው ይነጥራል። ነሐሴ ጭቃው ከአካፋው አልላቀቅ ይላል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለችው ጊዜ ናት ለቁፋሮ የምትመቸው፣ እሷም ከአጨዳ ጋር ስለምትጋጭ ቆፋሪ አይገኝባትም።

እንጨቱ መቼም ባህር ዛፍ ነው፤ ጥድማ ማን አግኝቶ። ልጡ ይላጥ፣ ምክንያቱም እርጥበትም ነፍሳትም የሚሸሸጉት እዚያ ነው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እርጥቡን አርማታ ውስጥ ያቆመ ሰው፣ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ዙሪያውን ክፍተት ያገኛል፤ ዝናቡም ያንን አይስተውም። ቋሚ ደግሞ ከጫፉ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ ከመሬቱ ልክ ትንሽ ከፍና ዝቅ ብሎ ነው። የተቃጠለ ዘይት የሚቀባ ሰው እዚያች ላይ ይበርታ፣ እንጨቱም ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ዘይት አይጠጣም። ጎመን ወይም የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ግን ዘይቱ ቢቀር ይሻላል።

መስመሩን ያበላሸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቋሚውን ለመለኪያ ከተወጠረው ሲባጎ ያስነካ ነው። ቋሚዎቹ ከሲባጎው የጣት ውፍረት ያህል ይራቁ። አንዱ ከነካው ይገፋዋል፣ ቀጣዩ በተገፋው ይለካል፣ ከዚያ አጥሩ እባብ ሆኖ ይሄዳል።

ማዕዘኑ ላይ ስስት አያስፈልግም። የሽቦው ውጥረት ሁሉ እዚያ ስለሚያርፍ እንጨቱ ከሌሎቹ ይወፍራል፣ ጉድጓዱም ይጠልቃል። ከጎኑ ሁለተኛ ቋሚ ቆሞ ሁለቱን ከላይ አግዳሚ ያያይዛቸዋል፤ ከዚያ ከሁለተኛው አናት እስከ ማዕዘኑ እግር ድርብ ሽቦ በሰያፍ ተስቦ በዱላ ይጠመዘዛል። ሰያፉን በተቃራኒው የሳበ ሰው ሽቦ ፈጀ እንጂ ምንም አልሠራም።

ሽቦው ከብት በሚመጣበት በኩል ይመታ፤ ላሟ ስትገፋ ምስማሩን ሳይሆን እንጨቱን ትገፋለች። ደግሞ ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት ነው፦ 40 በ50 ሜትር ቦታ ዙሪያው 180 ሜትር፣ በየ2.5 ሜትሩ ሲተከል 72 ቋሚ። ሽቦው በአምስት መስመር 900 ሜትር ይሆናል። ቋሚውን ሁሉም ይቆጥራል፣ ሽቦው ነው ሰውን የሚያስደነግጠው።

ይህ ሁሉ ከሚሆን የኮርች ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻል ይሆን? ሥር ይሰዳል፣ አይበሰብስም። ግን ይወፍራል፣ ሲወፍር ወደ ጎረቤት ያልፋል። ለዚህ ነው ቋሚ ወሰኑ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ራስ ገባ ብሎ፣ አዋሳኙ ቆሞ እያየ የሚተከለው።

ቆይ ግን። መረሬው ቋሚውን የሚያነሳና የሚያጋድል ከሆነ የወሰን ድንጋዩንስ ማን ማረለት? ድንጋይም ይነሳል፣ ድንጋይም ያጋድላል። ሁለቱም ጎረቤቶች ሲባጎ የሚያስሩት ከእሱ ላይ ነው። ታዲያ ማንም ሳይገፋው የተገፋ ድንበር ለየትኛው ሽማግሌ ይነገራል?