በ9 በመቶ ስንኮራ

ችግረኛ እናቶችንና ልጆቻቸውን የምትደግፍ አንዲት አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት በአዲስ አበባ እመራለሁ። ምዝገባው፣ የቦርድ ስብሰባው፣ ዓመታዊው ኦዲት አድካሚ ቢሆኑም ያልፋሉ። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ፊርማ ነው።

በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። እኛ ግን ከ9 በመቶ አልፈን አናውቅም። ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይዋል ይል የነበረው የቀድሞው የ70/30 መመሪያ ያሳደረብን ፍርሃት አልለቀቀንም ነበር፤ በዚያ ላይ «ከመቶ ብር 91ዱ ለተረጂው ይደርሳል» ማለት ያኮራኝ ነበር። ስለዚህ የአሜሪካን የርዳታ ገንዘብ የሚያስተላልፍልን ትልቅ ድርጅት ባለሙያ የቢሮ ኪራያችንንና የሒሳብ ሠራተኛዋን ግማሽ ደመወዝ ከበጀት ሠንጠረዡ ላይ በቀይ ሰርዞ «ይህን በራሳችሁ ሸፍኑት» ሲለኝ አመስግኜ ፈረምኩ። በምን እንሸፍነው? እሱም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ። የ«ሥራ አቁሙ» ደብዳቤ ማታ ደረሰን። ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛችን ምንም ሳትናገር ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። በፕሮጀክቱ ሂሳብ 340,000 ብር አለ፤ አንዱንም መንካት አንችልም። በራሳችን ሂሳብ ያለው 11,400 ብር ነው። የወሩ ኪራይ 28,000። ለሠራነው ሥራ ክፍያ ስንጠይቅ ያ ባለሙያ ለአራት ወራት «ታገሡ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠንም።

በሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ የሆኑት ጥበቃችን ጉዳዩን ሲሰሙ ደነገጡ። «እትዬ፣ የክፉ ቀን ገንዘብ ሳትይዙ ነው ይህን ሁሉ ልጅ የሰበሰባችሁት?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የአስተዳደር ወጪ ባነሰ ቁጥር ይሻላል የሚሏችሁን አትስሙ። ኪራይ፣ መብራትና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በየፕሮጀክቱ ድርሻቸውን ይያዙ፤ ለጋሹ እምቢ ካለ ፕሮጀክቱ ይቅር። የስድስት ወር መጠባበቂያ ያዙ የሚለው ምክር ለእንደኛ ዓይነቱ ድርጅት ተስፋ አስቆራጭ ነው፤ በአንድ ወር ኪራይ ጀምሩ፣ ያለ ቦርዱ ውሳኔ ግን አይነካ። አዋጁ የገቢ ማስገኛ ሥራም ይፈቅዳል፤ የባንክ ሂሳቡና መዝገቡ ለብቻው ይሁን እንጂ። እኛ በርበሬና ሽሮ የምናዘጋጅበት ባልትና ከፍተናል፤ አባላትም በየወሩ መቶ መቶ ብር ያዋጣሉ።

ዛሬ የአራት ወር ኪራይ በእጃችን አለ። ከ62 ልጆች ግን አብረውን ያሉት 23 ናቸው። የቀሩት ልጆች እናቶች ገበያ ላይ ሲያገኙኝ መቼ እንደምንጀምር ዛሬም ይጠይቁኛል።